ክዳኑ ሥር ያለችው ፌስታል

ባለፈው መስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋ ከሥሩ ይንጠባጠብ ነበር። አራት ደብተር ርሷል። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የአማርኛ ደብተሯን ልገልጠው ስሞክር እጄ ላይ ተቀደደ። ኮዳዋ ባዶ ነው። ተቆጣኋት። ገና በር ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ዘግቼው ነበር» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። በሦስተኛው እንባዋ መጣ።

ማታ እሷ ከተኛች በኋላ ኮዳውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታታሁት። ክዳኑ ብቻውን አምስት ክፍል አለው። ዋናው ክዳን፣ ወደ ላይ የምትነሳው መጠጫ፣ ስትሮው፣ አየር የምታስገባ ትንሽ ጎማ፣ እና ከክዳኑ ሥር የምትገባ የጎማ ቀለበት። ቀለበቷ በአንድ በኩል ቀጭን ከንፈር አላት። ያ ከንፈር ወደ ታች፣ ወደ ኮዳው አፍ መዞር ነበረበት። ወደ ላይ ዞሯል። እሑድ ኮዳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቀለበቷን መልሼ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ልጄ እውነቷን ነው፤ ክዳኑን እስከ መጨረሻው አጥብቃ ዘግታዋለች፣ ውሃውን የሚያግደው ነገር ግን ተገልብጦ ነበር።

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኳት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሙያዬ የፕላስቲክ ዕቃ ሻጋታ መንደፍ ነው። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ የወንበር እግር፣ ብዙ ነገር ነድፌያለሁ። በሥራችን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፦ ተገልብጦ ሊገባ የሚችል ዕቃ አንድ ቀን ተገልብጦ ይገባል። ይህን እያወቅኩ ጥፋቱን መጀመሪያ የፈለግኩት የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ነው። እስካሁን ያሳዝነኛል። በየቤቱ ስንት ልጅ «ዘግቼው ነበር» እያለ ሰሚ አጥቶ ይሆን?

እናቴ ነገሩን ስነግራት «ፌስታል አታደርጊበትም ነበር?» አለችኝ።

ፌስታሏን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዘይት በሃይላንድ ሲላክ፣ ጠላ በጄሪካን ሲጫን፣ ማር ከክፍለ ሀገር ሲመጣ፣ አንዲት ቁራጭ ፌስታል አፉ ላይ ትደረግና ክዳኑ በላይዋ ይጠብቃል። (ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነው።) እኔ ይህን ለዓመታት የእናቶች ጥንቃቄ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ትክክለኛ ምሕንድስና ነው። ሁለት ጠንካራ ነገሮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ለዓይን የማይታይ ክፍተት ይቀራል። የሻጋታው መጋጠሚያ መስመር አለ፣ ጭረት አለ፣ ትንሽ የተጣመመ አፍ አለ። ውሃ ያንን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኘዋል። ዘይትማ ከውሃም ይብሳል። ፌስታሏ ስትጨፈለቅ ክፍተቱ ውስጥ ትገባና ትሞላዋለች። ጋራዥ ያሉ ልጆች ጓርኒሲዮን የሚሉት ይኸው ነው። ጠንካራው ይይዛል፣ ለስላሳው ይዘጋል። የክዳን ነገር ግማሹ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ቆርኪም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ዊልያም ፔንተር የሚባል የባልቲሞር ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቆርኪ ከላይ ቆርቆሮ ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የቡሽ ክብ። ቆርቆሮው የጠርሙሱን አንገት በጥርሶቹ ነክሶ ይይዛል። ጋዙን አፍኖ የሚያስቀረው ግን ቡሹ ነው። ጥርሶቹ መጀመሪያ 24 ነበሩ፣ ዛሬ 21 ሆነዋል፣ ቡሹም በፕላስቲክ ተተክቷል። ልጆች ሆነን ሽልማት ፍለጋ ከቆርኪ ሥር ያንን ፕላስቲክ በሚስማር ስንፈለቅቅ እንውል ነበር። የለስላሳውን ጋዝ ያቆየልን እሱ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም።

ቆርኪ ግን አንዴ ከተከፈተ አበቃ። መዝጋት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ አያቴን የሚያህል አላየሁም። ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ በጭቃ ትመርገው ነበር። የተመረገ ጋን ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል፣ ትንኝ አይገባበትም። ሲደርስ ምርጊቱ ይሰበራል፣ በቃ። ኮዳ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ይከፈታል። ያውም እየሮጠ በሚጠጣ ልጅ፣ በቅባት እጅ፣ ደወል ሲደወል ተጣድፎ። ስለዚህ ለኮዳ ክዳን ከባዱ ጥያቄ የሚዘጋው ነገር ስንት ጊዜ፣ በማን እጅ ይከፈታል የሚለው ነው።

ጭራሽ ያለ ክዳን አለመፍሰስም አለ። አያቴ ውሃ ስትቀዳ የእንስራው አፍ ላይ ቅጠል ትወትፍ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እንዳይናጥ» ነበር መልሷ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሀንስ ማየርና ሩስላን ክሬቼትኒኮቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሰው ቡና ይዞ ሲራመድ ለምን እንደሚደፋ አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። ስኒ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው፤ ያ ምት ደግሞ ከእርምጃችን ምት ጋር ይቀራረባል። ዥዋዥዌን በሰዓቱ እየገፉ ከፍ እንደማድረግ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ማዕበሉን ትንሽ ትንሽ ያሳድገዋል። ቅጠሉ ያንን ማዕበል ይሰብረዋል። አያቴ በገደል መንገድ እንስራ አዝላ ስትወጣ ጀርባዋ ደረቅ የነበረው በዚህ ነው።

አሁን ወደ አየር ልምጣ። እኔን ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ አዳማ ሄደን ነበር። ልጄ ስትመለስ መኪና ውስጥ ተኛች። ቃሊቲ ስንደርስ ነቃች፣ ኮዳዋን አንስታ የመጠጫዋን ጆሮ ወደ ላይ ስታነሳት ውሃው በስትሮው ፊቷ ላይ ተረጨ። በዚያን ጊዜ ቀለበቷ በትክክል ገብታለች። ክዳኑ ጠብታ አላፈሰሰም። እንዲያውም ችግሩ በደንብ መዝጋቱ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ላይ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውጪ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ኮዳው ውስጥ የታፈነው አየር ግን አሁንም የአዳማ አየር ነው። መስፋት ይፈልጋል፣ መውጫ የለውም። ስትሮው እስከ ታች ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ አየሩ ከላይ ተቀምጧል። ጆሮዋ ስትነሳ አየሩ ውሃውን ተጭኖ በስትሮው ያስወጣዋል። በወረቀት ሳሰላው፣ ግማሹ አየር የሆነ የግማሽ ሊትር ኮዳ ከአዳማ አዲስ አበባ ሲመጣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በላይ ውሃ ይተፋል። ፀሐይ ያሞቀው ከሆነ ደግሞ ይጨምራል።

አውሮፕላን ላይም ይኸው ነው። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ሻምፖ ፈሶበት «ምን ዓይነት አወራወር ነው» ብሎ ጫኞቹን ይቆጣል። ጫኞቹ ላይጠየቁበት ይችላሉ። ባሕር ዳርቻ የተዘጋ ጠርሙስ አዲስ አበባ ሲደርስ በዙሪያው ያለው ግፊት ወደ ሦስት ሩብ ወርዷል፤ ስለዚህ ይነፋል፣ ደካማ ክዳን ካለው ይተፋል። በተቃራኒው አዲስ አበባ ጠጥታችሁት አጥብቃችሁ የዘጋችሁት ሃይላንድ ዱባይ ስትወርዱ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። እኛ ደጋ ላይ ሆነን ዝቅ ብለው በሚገኙ አገሮች የተነደፈ ክዳን ነው የምንገዛው። ከፍታ የማይቀያይር ሰው የነደፈው ኮዳ የአዳማን መንገድ አያውቅም። መዝጋቱ ብቻ አይበቃም፣ አየሩን ቀድሞ የሚያስተነፍስ መንገድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የነካችኝ ማንዲ ሀበርማን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ቀደም ብላ፣ በደንብ መጥባት ለማትችለው ለራሷ ልጅ የሚሆን ልዩ ጡጦ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሰው ቤት ሄዳ አንድ ሕፃን ጭማቂውን ነጣ ያለ ምንጣፍ ላይ ሊያፈስ ሲል እናትየው ስትሮጥ አየች። እሷ ያሰበችው እንዲህ ነው፦ ኩባያው ልጁ ሲመጥጥ ብቻ ይከፈት፣ ሲተወው ራሱ ይዘጋ። መሐሉ ላይ የተሰነጠቀች ለስላሳ ጎማ አደረገችበት። ልጁ ሲመጥጥ ስንጥቋ ትከፈታለች፣ ሲያቆም ትገጥማለች። ልጁ መዝጋቱን ማስታወስ የለበትም። ኩባያው ቢወድቅም፣ ቢገለበጥም፣ ቢወረወርም ግድ የለውም።

ኩባንያዎች እንቢ አሏት። በኋላ ለገበያ ስታወጣው ጭማቂ የተሞላ ኩባያ ነጭ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ለአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት በፖስታ ላከች። አንዲት ጠብታ ብትወጣ ሣጥኑ ይመሰክርባት ነበር። ሳይነካ ደረሰ። ሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ኩባያ ሲያወጣ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ላይ ተከራካሪዎቿ ሐሳቡ ቀላልና ማንም ሊያስበው የሚችል ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ቀላል ከሆነማ ምንጣፋቸው ሲበላሽ የኖረው ሁሉ ለምን ቀድሞ አልሠራውም? እኔ ይህን ጥያቄ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሁሌም አስባታለሁ።

የተሰነጠቀች ጎማም ግን ጣጣ አላት። ወተት ስንጥቋ ውስጥ ይቀራል። በሁለተኛው ቀን ይሸታል፣ ካልተፈታ ይሻግታል። የሚፈታ ከሆነ ደግሞ እኔ እሑድ የሠራሁት ስሕተት ይመጣል። ሌላም አለ። የማይፈስ ኩባያ ልጁ እጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ጣፋጭ ጭማቂ ከሆነ ጥርሱ ቀኑን ሙሉ ስኳር ይነካዋል። ምንጣፉ ዳነ፣ ጥርሱ ተጎዳ። ለዚህ መፍትሔው ክዳን ውስጥ የለም፣ ውስጡ የሚቀዳው ውሃ ይሁን።

ሌላው የማልረሳው የስቴላ ሊቤክ ጉዳይ ነው። ሰዎች «ቡና ፈሶባት ሚሊዮን ዶላር በላች» እያሉ ያወሩታል፣ እኔም እንደዚያ ነበር የሰማሁት። ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አልበከርኪ ከተማ ውስጥ የ79 ዓመት እናት ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆነው ተቀምጠዋል። የማክዶናልድስ ቡናቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ክሬምና ስኳር ሊጨምሩ ክዳኑን ሲስቡት ተደፋባቸው። ቡናው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነበር የሚሸጠው። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፣ ሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላቸው። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) እ.ኤ.አ. በ1994 የፈረዱላቸውን ትልቁን ካሳ ችሎቱን የመራው ዳኛ ቀንሶት በመጨረሻ በስምምነት ነው ያለቀው። የእኔ ዓይን ግን ክዳኑ ላይ ነው። ተዘግቶ ሳለ ምንም አልሆነም። አደጋው የመጣው ሲከፈት ነው። በጣም የሚጠብቅ ክዳን ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት የተጨመረበት እጅ ደግሞ ክዳኑ በድንገት ሲለቅ መቆም አይችልም። ታክሲ ውስጥ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዛችሁ ክዳኑን ለመክፈት የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ከመጠጥ ትንሽ ወጣ ብዬ ልናገር፣ ካልተናገርኩ ደስ አይለኝም። በየሱቁ በረኪና በሃይላንድ ይሸጣል። ነጭ ጋዝም እንዲሁ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ክዳን፣ ያው ቀለም የሌለው ፈሳሽ። ልጅ ጠርሙሱን ያውቀዋል፣ መክፈትም ይችላል፣ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ መድኃኒትና መርዛማ ነገሮች ልጅ በቀላሉ በማይከፍተው ክዳን እንዲታሸጉ ተደርጓል። ክዳኑ የሚፈተነው በትንንሽ ልጆችም በአዋቂዎችም ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች መክፈት ሊያቅታቸው፣ አዋቂዎቹ ደግሞ ሊችሉ ይገባል። እኛ ቤት ያለው ክዳን ይህን ሁሉ አይለይም። እባካችሁ በረኪናን በሃይላንድ አታስቀምጡ፣ ካስቀመጣችሁም ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

ወደ ኮዳው ልመለስ። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ የራሴን ክዳን እየነደፍኩ ነው። መጀመሪያ የወሰንኩት ቀለበቷ ላይ ነው። በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ናት፣ እንዴትም ብትገባ ልክ ነው። አጭር ጅራት አላት፣ ስትታጠብ ከክዳኑ ሳትለይ ትንጠለጠላለች፣ ውሃ መውረጃው አይውጣትም። አውሮፓ ውስጥ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሦስት ሊትር ያሉ ተጠቅመው የሚጥሏቸው የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ክዳናቸው ከአንገታቸው እንዳይለይ በሕግ ተደንግጓል። እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ሲጠጡ አፍንጫቸውን እየነካ እንደሚያስቸግራቸው ይነግሩኛል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ሃይላንድ አሥር ጊዜ በሚሞላበት ቤት ክዳን ጠፋ ማለት ጠርሙሱ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው የአዳማ ትምህርት ነው። የመጠጫው ጆሮ ስትነሳ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች፣ አየሩ «ጭስስ» ብሎ ይወጣል። ስትሮው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ይቅደም፣ ውሃ ይከተል። ሦስተኛው ድምፅ ነው። በትክክል ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል፣ ካልተዘጋ አይልም። ልጅ ይህን ለመስማት ደግማ ደጋግማ ትዘጋዋለች፣ የእኔዋን አይቻታለሁ።

መፈተኛዬ ቀላል ነው። የቀይ ሥር ውሃ እሞላለሁ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ በጎኑ አስተኝቼ አድራለሁ። ጠዋት ጨርቁ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች በስሪዲ ፕሪንተር አሠራኋቸው፣ ሁሉም ፈሰሱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለበቷን እየወቀስኩ መጠኗን ቀያየርኩ። በኋላ አንዱን ናሙና ያለ ስትሮና ያለ ቀዳዳ፣ ደፍኜ ሞከርኩት። እሱም አላበው። ፕሪንተሩ ፕላስቲኩን ክር በክር እየደረበ ስለሚሠራ በንብርብሮቹ መሐል ውሃ ያልፋል። ቀለበቷ ንጹሕ ነበረች። ከዚያ በኋላ ናሙናውን በቀጭኑ ሙጫ እየቀባሁ ቀጠልኩ። አራተኛው ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ጆሮው ሥሩ ላይ ተሰነጠቀ፣ እዚያ ጋ ወፈር አደረግኩት። ስድስተኛው አምስት ሌሊት አድሮ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ምንም ሳልነግራት እጠቢልኝ አልኳት። ፈታታችው፣ አጠበችው፣ ቀለበቷን እንደመጣላት አስገባቻት፣ ውሃ ሞላችና ዘጋችው። «ቀጭ» አለ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እግሯ ላይ ያለው ነጠላ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችውና ወሬዋን ቀጠለች። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ እዚያው ነበር። ነጠላው ደረቅ ነው።

ልትጠጣ ስትል ግን አልተከፈተላትም። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ያማታል፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት። ጆሮውን በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ከዚያ በጥርሷ ልታነሳው ስትል ተቀበልኳት። ጆሮው አጭር ነው። የለካሁት በልጄ ጣት ብቻ ነበር፣ የእናቴን ጣት አላሰብኩትም። ረዘም ቢል ጉልበት ይቀንሳል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ደብተር ይነካውና ራሱ ይከፈታል። አራት ሚሊ ሜትር ብጨምርበት የሚበቃ ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ሥዕሉን አስተካክላለሁ፣ ሰባተኛው ናሙና ሐሙስ ይደርሳል፣ ቅዳሜ እንደገና እናቴ ጋ እሄዳለሁ።